እንጀራ ስንት ትርጉም አለው? «የእንጀራ እናት»ስ ለምን ተባለ?

የኮተቤዋ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ስለማይጠፋ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

ባለቤቴን ሳገባ ልጅ ነበረችው። እናቷ ገና በአራስነቷ ነው ያረፈችባት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት፤ «እማዬ» ነው የምትለኝ። አሁን ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት የአማርኛ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። «እንጀራ የሚለው ቃል የተለያየ ትርጉም የሚይዝባቸውን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ» ይላል።

አንደኛው ቀላል ነው። «እማዬ እንጀራ ጋገረች» ብላ ጻፈች። ሁለተኛውን አብረን ሠራነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ «አባቴ እንጀራ ፍለጋ ጅቡቲ ይመላለሳል» አልን። ሦስተኛው ላይ እርሳሷን አስቀመጠችና «የእንጀራ እናት ማለትስ እንጀራ የምትጋግር እናት ማለት ነው?» አለችኝ። ከማን እንደሰማችው አልጠየቅኋትም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ደረጃ ላይ የሚወራው ሁሉ ልጅ ጆሮ ይገባል።

«አባዬ ሲመጣ እንጠይቀዋለን» አልኳት። አባዬም መጣ፤ እሱም አያውቀውም።

እናት በእንጀራ ስም የምትጠራው ለምንድን ነው? ለምን የወጥ እናት አልተባለም? ቃሉ ከመጀመሪያውም ክፉ ነበር ወይስ ተረቱ ነው ያከፋው? እኔ በሰማሁት ተረት ሁሉ የእንጀራ እናት ጨካኝ ናት፤ አንዲት ደግ አላጋጠመችኝም። እንጀራ ሌላ ምን ምን ትርጉም እንዳለውም ብትነግሩኝ የቤት ሥራውን እንጨርሳለን።

እውነቱን ንገሩኝ። ደስ እንዲለኝ ብላችሁ አታለሳልሱት።


የመርካቶው

እህቴ፣ ስለ እናትየዋ የሚያውቁ ይመልሱልሽ። እኔ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርሽ ላይ ልጨምር።

አባቴ ከእዣ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ልጅ ሆኖ ነው። ሊስትሮ ሠራ፣ ሱቅ ተቀጠረ፣ በኋላ የራሱን ከፈተ። ያንን ዘመን ሲያወራ ሁልጊዜ «እንጀራ ፍለጋ መጣሁ» ነው የሚለው። አገሩ ሳለ ግን የሚበላው ቆጮ ነው። የጤፍ እንጀራን የለመደው እዚህ ከመጣ በኋላ ነው፤ ዛሬም ክትፎ ያለ ቆጮ ከቀረበለት ፊቱ ይለወጣል። ታዲያ ያ ልጅ ምን ፍለጋ መጣ? የሚኖርበትን ነገር ፍለጋ ነው። ሥራ፣ ገቢ፣ መቆሚያ። እዚህ ላይ እንጀራ ከምጣድ ወርዷል።

እኛ ሰፈር ቃሉ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ብትሰሚ። ደንበኛ ለነጠቀ ጎረቤት «በእንጀራዬ አትምጣ» ይባላል። ሱቁ የተዘጋበት ሰው «የእንጀራ ገመዴ ተበጠሰ» ይላል። ከሥራ የተባረረ «ከእንጀራዬ አፈናቀሉኝ»። አንድ ጊዜ ደንብ አስከባሪ የአንዲት ጉልት ሻጭ ዕቃ ሲያነሳ ቆሜ አየሁ። «እንጀራ ሆኖብኝ ነው እናቴ» አላት፤ የምሩን ነበር፣ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። እሷም «ይሄም እኮ የእኔ እንጀራ ነው» አለችው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ለዚህም ነው የከበደኝ።

ልጅሽ ከነዚህ አንዱን ትምረጥ።


የዲማው

ልጄ ብልሽ ቅር አይበልሽ፣ ዕድሜዬ ያስብለኛል።

እኔ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ጎጃም ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሬያለሁ። የሚበላውን ራሳችን ነበር የምንፈልገው። አኮፋዳ አንግተን መንደር እንወርድና በር ላይ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» እንላለን። ውሻው ይመጣል፣ በትራችንን እናስቀድማለን። ከውስጥ አንዲት ሴት «ቆይ ልጄ» ትላለች። ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። የዳጉሳ ይሆናል፣ የገብስ ይሆናል። የጤፍ ከሆነ ያ ቀን ዓመት በዓል ነው። ስሜን አታውቅም፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ አታውቅም። ግን «ልጄ» ብላ ነው የምትሰጠኝ። ለጥያቄሽ መልሱን የማውቀው ከዚያ ነው።

አማርኛ ዝምድናን የሚሰይመው ሰዎቹን ባገናኛቸው ነገር ነው። የወለዱትን «የአብራክ ልጅ» ይላል። ጥምቀት ያገናኘውን «የክርስትና ልጅ»። ኑዛዜ ያገናኘውን «የነፍስ አባት»። ድሮ ጡት በመጣባት ሥርዓት ልጅ ያደረጉትን «የጡት ልጅ» ይሉት ነበር። ከብት ሲጠብቁ ከአንድ ኪስ ቆሎ እየቆረጠሙ ያደጉት «የቆሎ ጓደኛ» ናቸው። አየሽ፣ ጡትም ቆሎም እንጀራም እዚህ ዝምድና ሆነዋል። አንቺንና ልጅቷን ማህፀን አላገናኛችሁም፤ እንጀራ አገናኛችሁ። የእንጀራ እናት ማለት የምታበላ፣ የምታሳድግ ማለት ነው። ቃሉ ውስጥ የውሸት እናት የሚል ነገር የለም። ያንን የጨመረው ሰው ነው።

ለምን ወጥ አልሆነም ላልሽው። ወጥ ከሌለ እንጀራ በአዋዜ ይበላል፣ በበርበሬ ይበላል፣ ደረቁንም ይበላል። እንጀራ ከሌለ ግን ማዕድ የለም። ስለዚህ ምግብ ሁሉ በእሱ ስም ይጠራል። «እንጀራ በላህ?» የተባለ ሰው የበላው ቂጣ ቢሆንም «አዎ፣ ተመስገን» ነው የሚለው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። አቡነ ዘበሰማያት በግዕዝ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ይላል። ሲሳይ ማለት ምግብ፣ መተዳደሪያ፣ ሰው የሚኖርበት ሁሉ ነው። በአማርኛ ስንጸልየው ግን «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» እንላለን። ያንን ሰፊ ቃል የሚሸከም አንድ ቃል ተፈልጎ እንጀራ ተገኘ። ወንጌሉም ላይ ያ ብላቴና የያዘው «አምስት የገብስ እንጀራ» ነው። ገሊላ ውስጥ ምጣድ አስሶ ሊጥ ያዞረ ሰው አልነበረም። አንባቢው ግን ወዲያው ይገባዋል።

እህልም እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት ሲለያዩ ሽማግሌ «እህል ውሃቸው አለቀ» ይላል። አብረው የሚበሉት ተቆጥሮ የተሰጣቸው ይመስል። ይህን ልጅቷ ሌላ ጊዜ ትማረዋለች።

ተረቱን በተመለከተ እኔ አልመልስልሽም። ያየ ሰው ይመልስልሽ።


የቢሾፍቱ ልጅ

የእኔ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው። እኛም «ሃዳ ቡዴና» እንላለን። ሃዳ እናት ነው፣ ቡዴና እንጀራ። የእንጀራ አባት «አባ ቡዴና» ነው። ቃል በቃል አንድ ነው። የትኛው ከየትኛው ወሰደ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን ጎን ለጎን የኖረ ሕዝብ አንድ ዓይነት ነገር ማሰቡ አይገርመኝም።

ጉዲፈቻንም አስቢው። ቃሉ የኦሮምኛ ነው፤ አማርኛው ተቀብሎት የቤተሰብ ሕጉ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። በባህላችን በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው። «የሰው ልጅ ነው» ብሎ ፊቱ ላይ መናገር ትልቅ ነውር ነው። ጎረቤቶችሽ ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነበር።


ከመቀሌ

በትግርኛ እንጀራ አልገባበትም። «ሰበይቲ ኣቦ» ነው የምንለው፤ የአባት ሚስት እንደማለት። የእንጀራ አባት ደግሞ «ሰብኣይ ኣደ» ነው፣ የእናት ባል። እንጀራውን ራሱን እኛ ጣይታ እንለዋለን።

ሁለቱን ሳወዳድር የእናንተ ይሻለኛል። የእኛው የሚናገረው ሴትየዋ ለአባትየው ማን እንደሆነች ነው። ልጁ የለበትም። የእናንተው ግን ልጁንና እሷን በቀጥታ ያገናኛቸዋል። ለልጅሽ እንዲህ ብትነግሪያት ይገባታል።


የደሴው

አታለሳልሱ ስላልሽ ነው የምጽፍልሽ። እኔ የእንጀራ ልጅ ሆኜ ነው ያደግሁት።

አባባ የዲማው የተናገሩት ትክክል ነው። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው። ግን ያከፋው ተረት ብቻ እንዳይመስልሽ። ዝምድናው በእንጀራ ከሆነ በደሉም የሚታየው እንጀራ ላይ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ትኩሱ ለእሷ ልጆች ነበር፤ ከመሶቡ ሥር ያለው፣ ጠርዙ የደረቀው ደግሞ ለእኔ። ጨምሪልኝ ስል «አባትህ ሲመጣ» እባላለሁ። አባቴ ሲኖር መሶቡ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ቁም ሳጥን ላይ ይሰቀላል። ብዙ ተሰድቤያለሁ፣ ብዙውን ረስቼዋለሁ። መሶቡን ግን አልረሳሁትም።

ይህን የምነግርሽ ላስከፋሽ ብዬ አይደለም። ሰው ቃሉን ሲሰማ ለምን ፊቱ እንደሚለወጥ እንድታውቂው ነው። ድሮ እህል በሚያጥርበት ቤት የሌላ ሴት ልጅ አንድ ተጨማሪ አፍ ነበር። ተረቶቹ የወጡት ከእንደዚያ ዓይነት ቤት ይመስለኛል። ደጎቹማ ብዙ ነበሩ፤ የደግ ቤት ተረት ስለማይወጣው ነው ያልሰማሽው።

አሁን ምክሬ። «አባዬ ሲመጣ» አትበያት። ቃሉን ከደረጃው ሰምታዋለች፤ ትርጉሙን ካንቺ አፍ ትስማው። የወለደቻትንም እናቷን በስሟ እየጠራሽ አንሺላት። ፎቶ ካለ የምታየው ቦታ አድርጊው። እኔ የእናቴ ስም በዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም ነበር። ልጅ ከዚያ የሚረዳው ነገር አለ።


የኮተቤዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ የዲማው፣ «ልጄ» ያሉኝ አላስከፋኝም፤ ደስ ነው ያለኝ። ወንድሜ የደሴው፣ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ፎቶው ዕቃ መካከል ነበር፤ አውጥቼዋለሁ። ፍሬም አሠራለታለሁ።

አሁን የቀረኝ የቤት ሥራው ነው። ሦስተኛው ላይ «የእንጀራ እናት» የሚለውን ትጻፈው ወይስ ይቅር? መምህሯ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ያስነብባሉ። እሷ የሚያሳፍራት አይመስለኝም። እኔ ነኝ የምፈራው።


የዲማው

ትጻፈው ልጄ። ትርጉሙን አውቃ ከጻፈችው ማን ምን ይላታል?


የደሴው

እኔ አልስማማም፣ አባባ። ትርጉሙን እሷ ብታውቅም የክፍል ጓደኞቿ አያውቁም። የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ አርባ ልጅ ፊት ስለ ቤቷ እንድታስረዳ ማድረግ ከባድ ነው። ትርጉሙን ንገሪያትና ምርጫውን ለእሷ ተይው። ልጻፈው ካለች ትጻፈው። አንቺ ግን አታቅርቢላት።


እንጀራ ጋጋሪዋ (ሳሪስ)

ወሬው ሁሉ ስለ እንጀራ ሆኖ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች አስረክባለሁ።

እንጀራዬ ስል ሁለቱንም በአንዴ ነው የምለው። ጤፉን አስፈጭቼ አቦካለሁ። እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ከላይ ያቀረረውን ውሃ እደፋለሁ፣ አብሲት እጥላለሁ፣ ኩፍ እስኪል እጠብቃለሁ። ልክ ምጣዱን ልጥድ ስል መብራት ይሄዳል። አንዳንዴ በሰዓቱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ሊጡ ሲኮመጥጥ ያድራል። ያን ቀን «እንጀራዬ ቀረ» እላለሁ። የቱን እንጀራ ማለቴ እንደሆነ እኔም አልለየውም፤ ሁለቱም ነው የቀረው።

አንድ ያልተነሳ ትርጉም አለ። «እንጀራ ወጣለት»፣ «እንጀራ ወጣላት» ይባላል። ሲፈልግ ቆይቶ ጥሩ ሥራ ያገኘ፣ ኑሮው መስመር የያዘለት ሰው ነው እንዲህ የሚባለው። እናቶችም ሲመርቁ «እንጀራ ያውጣልሽ» ይላሉ። እናቴ እኔን የመረቀችኝ እንዲህ ብላ ነው። እኔ ይህ አባባል ከምጣድ የመጣ ይመስለኛል። አዲስ ምጣድ ላይ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይጣበቃሉ፣ ይቀደዳሉ። ምጣዱን በጎመን ዘር እያሰስሽ ታሟሺዋለሽ። ከዚያ አንዱ ዓይኑ ሙሉ ሆኖ፣ ጠርዙ ተነስቶ፣ ሰፌዱ ላይ ሳይታጠፍ ይወጣልሻል። ከአክንባሎው ሥር ያንን ያየች ሴት «ወጣልኝ» ስትል ደስታዋ ሌላ ነው። ሊቃውንቱ ሌላ ምክንያት ካላቸው ይንገሩን፤ እኔ ግን ምጣድ ዳር ቆሜ ነው የማምንበት።

ልጅቷ የቀሯትን ሦስቱን እንዲህ ብትጽፋቸው በቂ ነው። ሦስተኛ፣ «ጎረቤታችን ተመርቃ ሥራ በማግኘቷ እንጀራ ወጣላት»። አራተኛ፣ «አያቴና ጓደኛዋ ለብዙ ዘመን አብረው እንጀራ ቆርሰዋል»፤ ይህ ወዳጅነት ነው። አምስተኛ፣ «ሰውየው በጎረቤቱ እንጀራ ስለመጣበት ተጣሉ»፤ ይህ ደግሞ የሥራ ሽሚያ ነው። ሁለተኛው ላይ የጻፋችሁት «እንጀራ ፍለጋ» ለአምስተኛው ይቀርባል፤ መምህሯ አንድ ናቸው ካሉ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ብለን እንጸልያለን» የሚለው ይተካው።

የእንጀራ እናት የሚለው ከገባም ስድስተኛ ይሁን። የቤት ሥራው አምስት ነው ያለው፤ ስድስተኛውን ከፈለገች ለራሷ ትጽፈዋለች፣ ካልፈለገች ማንም አይጠይቃትም።


የደሴው

እህቴ የሳሪሷ፣ ይሄ ይሻላል። በዚሁ ይሁን።


የመርካቶው

እኔም እስማማለሁ። «ተጣሉ» የሚለውን ግን «ተካሰሱ» በይው፤ መርካቶ ውስጥ እንደሱ ነው የሚያልቀው። የሳሪሷ፣ ለሱቅ የምታስረክቢ ከሆነ እኛ ጋ የሚፈልግ አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።